አንድ ግራም ሮቴኖን፦ ከስምንት ወር በኋላ የምለው

ብልቃጧ ትንሽ ናት። ቡናማ መስታወት፣ ውስጧ ነጣ ያለ ደቃቅ ዱቄት፣ ላይዋ የራስ ቅል ምልክት። አንድ ግራም ሮቴኖን። አራት ወር ጠብቄያታለሁ። ከምርምር ድጋፉ ላይ ከራሴ ደመወዝም ጨምሬባታለሁ።

ሮቴኖን የፓርኪንሰንን በሽታ በላቦራቶሪ እንስሳ ላይ አስመስሎ ለማምጣት ከሚያገለግሉት መርዞች አንዱ ነው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ። ከመግዛቴ በፊት በአማርኛ የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሻጮቹ ዋጋውን ይነግሯችኋል፣ ጠባዩን አይነግሯችሁም። እኔ ጠባዩን ልንገራችሁ።

የገዛሁበት ምክንያት ቤቴ ነው ያለው። አባዬ ፓርኪንሰን አለባቸው። መጀመሪያ የጠፋባቸው ሽታ ነበር። እናቴ ቡና ስትቆላ ከሁሉም ቀድመው "ኧረ ቡናው አረረ!" የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ቡናው ከሰል እስኪመስል ሲያር አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ የሆድ ድርቀት መጣ። የቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ባረፈ ቁጥር መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። ጎረቤት "ዕድሜ ነው" አለ። ጠበልም ገቡ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ክርናቸውን ያዝ አድርጎ አጠፍ ዘርጋ ሲያደርገው ቆየና "ነይ አንቺም ያዢው" አለኝ። ያዝኩት። እንደ ጥርሳም ማርሽ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ስሜት እስካሁን ከመዳፌ አልወጣም። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ታዘዘላቸው። ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ ሰውነታቸው ሲፈታ የኮታቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ። ጉልበቱ ሲያልቅ ደግሞ ቁልፉን ትተው እኔን ይጠራሉ።

በሽታው መካከለኛው አንጎል ውስጥ ያሉትን፣ ዶፓሚን የሚባለውን እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ነርቮች ይገድላል። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቋል። የሰው አንጎል ተከፍቶ እየታየ መድኃኒት አይሞከርበትም። ስለዚህ እነዚያኑ ነርቮች የሚጎዳ መርዝ ለእንስሳ ይሰጥና ከዚያ ላይ መድኃኒቱ ይፈተሻል። ሮቴኖን የሚሠራው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሴሉ ኃይል የሚያመነጭበትን ሰንሰለት ገና ከመጀመሪያው ቀለበት ይዘጋዋል። ኦክስጅን አለ፣ ምግብ አለ፣ ሴሉ ግን ይራባል። ዶፓሚን አምራቾቹ ነርቮች ደግሞ ይህን ረሀብ አይችሉትም።

የብልቃጧን ፎቶ በስልኬ ሳሳያቸው አባዬ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የብርብራ መርዝ ነው አባዬ። ተጣርቶ የወጣው።"

"ብርብራ ገዝተሽ መጣሽ?"

"አዎ።"

"በብር?"

"በብር።"

"ጉማራ ዳር እንደዚያ ሞልቶ!"

እውነታቸውን ነው። ብርብራ የኛው አገር ዛፍ ነው። ዘጌ ብትሄዱ ቡናው ጥላ ከሚያገኝባቸው ዛፎች አንዱ እሱ ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1943 በኬሚስትሪ ተለይቶ ታትሟል። የጣና ዳር ሰው ግን የመርዙን ሥራ የሚያውቀው ከዚያ በፊት ነው። አባዬ ልጅ ሆነው ፎገራ በኩል ጉማራ ወንዝ ላይ ዓሣ ይይዙበት ነበር። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ከጣና ወደ ወንዙ ይወጣል። የብርብራውን ፍሬ ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ ውሃው ረጋ ካለበት ይበትኑታል። "ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ሰጥቶ ብቅ ይላል" አሉኝ። መርዙ በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ደሙ ውስጥ ይገባል። ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። እኔ በማይክሮግራም የምለካውን አባዬ በእፍኝ በትነውታል።

"እጃችሁስ?" አልኳቸው።

"እጃችን ምን ይሆናል? በእጅ ነው እንጂ የሚበተነው።"

የአባዬን በሽታ ያመጣው ብርብራ ነው አልልም። ከአንድ ሰው ታሪክ ተነስቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ገበሬዎችና ፀረ ተባይ ረጪዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን ሮቴኖን የተጠቀሙ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 2.5 ጊዜ ያህል ከፍ ብሎ እንደተገኘ ይናገራል። ፓራኳት ለሚባለው አረም ማጥፊያም ያገኙት ቁጥር ያው 2.5 ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፎገራ ሩዝ ማሳ ላይ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ያለ ጓንት የሚረጭ የአጎቴን ልጅ ባየሁ ቁጥር እጁን ነው የማየው። ጓንት ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ይሞቀኛል ብሎ ያወልቀዋል። አሁንም እነግረዋለሁ።

"ታዲያ ለምን ፍሬውን አልተጠቀምሽም?" የሚለኝ ብዙ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን ብቻውን አይደለም ያለው። ዘመዶቹ የሆኑ ሌሎች መርዞች አብረው አሉ። መጠኑም ከዛፍ ዛፍ ይለያል። ዛሬ የሰጠሁትን ነገ መድገም ካልቻልኩ ሙከራ አልሠራሁም። ገንዘቡን የከፈልኩት ለንጽሕናው ነው። በዚህ በኩል ዕቃው ቃሉን ጠብቋል።

ሌሎቹንም መርዞች አማርጬ ነበር። ስድስት-ሃይድሮክሲዶፓሚን ከሁሉም አንጋፋው ነው። ስዊድናዊው ኡርባን ኡንገርስቴት እ.ኤ.አ. በ1968 የአይጥ አንጎል ውስጥ ወግቶ ዶፓሚን ነርቮቹን እንደሚገድል አሳየ። ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ የራስ ቅል ተበስቶ ነጥቡ በሚሊሜትር ተለክቶ ይወጋል። አንድ ጎኗ ብቻ የተጎዳ አይጥ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ሲሰጣት በቦታዋ ትሽከረከራለች። ዙሩ ሲቆጠር የጉዳቱ መጠን ይታወቃል። ጥሩ ሞዴል ነው፣ ግን መሣሪያውም እጁም የለንም።

ሁለተኛው ኤምፒቲፒ ነው። የሱ ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕፅ የሚወስዱ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ዊልያም ላንግስተን የሚባለው የነርቭ ሐኪም የሽማግሌ በሽታ በወጣቶች ላይ ቆሞ አገኘው። ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ተንቀሳቀሱ። ነገሩ ሲመረመር በድብቅ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሄሮይን ሲቀመም ተበላሽቶ ኤምፒቲፒ ገብቶበት ተገኘ። መርዙ ራሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ነው የሚለወጠው፣ ከዚያ ዶፓሚን ነርቮቹ ለራሳቸው ዶፓሚን በከፈቱት በር ይገባል። የሚዘጋውም ሮቴኖን የሚዘጋውን ያንኑ የሚቶኮንድሪያ ቀለበት ነው። ትልልቆቹ አይጦች ብዙም አይበግራቸውም፣ የተወሰኑ የትንንሾቹ አይጥ ዘሮችንና ዝንጀሮን ግን ይጥላል። በየጊዜው መብራት በሚሄድበት፣ አየር መምጠጫው ሲያሻው በሚቆም ላቦራቶሪ ውስጥ ኤምፒቲፒ አላስገባም። እነዚያ ወጣቶች ከአእምሮዬ አይወጡም።

ሮቴኖን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2000 የቲሞቲ ግሪናማየር ቡድን አይጦች ቆዳ ሥር ፓምፕ ቀብሮ ሮቴኖኑን በደም ሥር ቀስ እያለ ለሳምንታት ሰጣቸው። ዶፓሚን ነርቮቹ ተጎዱ። በሕይወት በቀሩት ውስጥ ደግሞ በሰው ፓርኪንሰን የሚታየውን አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ጓል የሚመስል ነገር አገኙ። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ይህን በደንብ አይሰጡም ነበር። ቀስ ማለቱን ነው የወደድኩለት። የአባዬም በሽታ ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ።

ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አትድከሙ። ዲኤምኤስኦ በሚባለው ፈሳሽ ማሟሟያ ውስጥ በደንብ ይሟሟል። እዚህ ጋ የባሕር ዳርን አየር አስቡ፦ ዲኤምኤስኦ ከ18 ዲግሪ ተኩል በታች ይረጋል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ገብቼ ብልቃጡን ሳነሳው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። የተበላሸ መስሎኝ ልደፋው ነበር። እጅ ውስጥ ትንሽ ሲሞቅ ይመለሳል። የተሟሟው ሮቴኖን ብርሃንና አየር አይወድም። ቀለም አልባ ሆኖ ይጀምርና ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቀይ። አንዴ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቀልጥ ያስቀመጥኩት በጠቅላላ ቢጫ ሆነብኝ። ደፋሁት። አሁን በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልዬ፣ ለሳምንት የሚበቃኝን ብቻ አሟሟለሁ።

የሠራሁት በፍራፍሬ ዝንብ ነው። ሙዝ ሲበስል የምትመጣዋ ያቺ ደቃቃ ዝንብ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ሮቴኖን ምግቧ ውስጥ ሲገባ እንደምትደክም አሳይተዋል። ምግቧን እኔው ነኝ የማበስለው፦ የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾና ማርጊያ። ሲበርድ ነው ሮቴኖኑ የሚገባው። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ከሸፈብኝ። መርዝ የተሰጣቸውም ሞቱ፣ ማሟሟያው ብቻ የተሰጣቸውም ሞቱ። ዲኤምኤስኦ አብዝቼ ነው። ሦስት ሳምንት ባከነ። ከዚያ ወዲህ ማሟሟያው ከምግቡ ከመቶ አንድ እጅ እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ፣ ያለ መርዝ የሚበሉትንም ሁልጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ይህን ቡድን ለመቆጠብ የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ከሱ ሌላ እውነቱን የሚነግራችሁ የለም።

ፈተናው ቀላል ነው። ሃያ ዝንብ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ታደርጋላችሁ። ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ ስታደርጉት ሁሉም ታች ይወድቃሉ። ጤነኛ ዝንብ ወዲያው ሽቅብ ትወጣለች፣ ተፈጥሮዋ ነው። በአሥር ሰከንድ ውስጥ መሥመሩን ያለፉትን ትቆጥራላችሁ። ሮቴኖን ሲበሉ የቆዩትን ያየሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ግማሾቹ ታች ቀሩ። አንዷ ትንሽ ወጥታ ቆመች። እግሯን አነሳች፣ መለሰች፣ እንደገና አነሳች። ልትሄድ ፈልጋ እግሯ እምቢ ያለ ነው የሚመስለው። አባዬ በር ላይ ሲደርሱ እንዲሁ ይቆማሉ። እግራቸው መሬቱ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። መቁጠሩን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የፈረንሳዮቹ ሥራ ሌላም ነገር ነበረው። ሌቮዶፓ የተሰጣቸው ዝንቦች መውጣቱን አሻሻሉ፣ የነርቮቹ ሞት ግን አልቆመም። የአባዬ ኪኒንም እንደዚያው ነው። ቁልፉን ያስቆልፋል፣ በሽታውን አይዝም። ሞዴሉ ይህን ልዩነት ማሳየቱ ለእኔ ዋጋው ነው። ሞቱን የሚያቆም ነገር ስንፈልግ እንቅስቃሴ ብቻ እያየን እንዳንታለል ያደርገናል።

በአይጥ የሚሠራውን ሌላ ከተማ ሄጄ ለአጭር ጊዜ አይቻለሁ። በየቀኑ ሆዳቸው ላይ ይወጋሉ። የዕቃው ትልቁ ድክመት እዚያ ነው የሚወጣው። እኩል መጠን ተሰጥቷቸው አንዷ ምንም አትሆንም፣ አንዷ ትከሳለች፣ ሌላዋ ፓርኪንሰን ሳይመጣባት ትሞታለች። ሮቴኖን ዶፓሚን ነርቭ ብቻ መርጦ አይነካም። በመላ ሰውነት ያለ ሚቶኮንድሪያ ሁሉ ያው ነው ለሱ። አንዷን አይጥ የፊት እግሮቿን አግዳሚ ዘንግ ላይ ሲያስቀምጡላት አየሁ። ጤነኛዋ ወዲያው ትወርዳለች። እሷ እዚያው ቀረች። ፀጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። የሚንከባከባት ልጅ ከዘንጉ አንስቶ በመዳፉ አሞቃት። በአይጥ የምትሠሩ ከሆነ በየቀኑ መዝኑ፣ ለስላሳ ምግብ አቅርቡ፣ እስከ የት ድረስ እንደምትቆዩባት ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። እንስሳዋ የምትከፍለውን እኛ ማባከን የለብንም።

የማይሰጠውንም ልናገር። በሮቴኖን አይጥ ላይ የአንጀት ነርቮች ሲጎዱ ታይቷል፣ ሆድ ሲዘገይም ታይቷል። ያ ከአባዬ ጋር ይገጥማል። ጭን ላይ ያረፈ እጅ የሚንቀጠቀጠው መንቀጥቀጥ ግን በአይጥም በዝንብም እንደ ሰው ሆኖ አይመጣም። ዓመታት የሚወስደውም በሳምንታት ነው የሚሆነው። ስለዚህ በዚህ ዕቃ የምታገኙት ጉዳቱን ነው። በሽታውን በሙሉ አገኘሁ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ቤቱ ታማሚ የለም ማለት ነው። ለጉዳቱ ግን፣ በተለይ ኃይል ያጣ ሴል ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ፣ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። በዝንብ ለምትሠሩ ግዙት። ከዚህ በፊት መርፌና አይጥ ላልያዘ ጀማሪ ግን በአይጥ እንዲጀምርበት አልመክርም።

አስመጪውን ሁለት ነው የምሰጠው። ስሙን አልጠራም። ዕቃው የንጽሕና ማረጋገጫ ወረቀቱ ሳይኖር መጣ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነው የላኩልኝ። ከሁሉም የከፋብኝ ግን የተረፈውን እንዴት እንደማስወግድ ስጠይቅ የመለሱልኝ ነው፦ "በብዙ ውሃ ድፉት።" እዚህ የተደፋ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማን ይጠፋዋል? ጣና ነው፣ አባይ ነው። ይህ ነገር ዓሣ መግደያ ነው። ሌላ ቦታ የሌሉ የጣና ዓሦች አሉን፣ እምቦጩ አንሷቸው ነው? የእኔ ትርፍ ሁሉ፣ የታጠበበት ውሃ ሳይቀር፣ ክዳኑ የታሸገ ጀሪካን ውስጥ ተጠራቅሞ ለማቃጠያ ይሄዳል። ዱቄቱን ስትመዝኑም ጓንት ድርብ፣ ማስክ፣ መስኮት የተዘጋ። ደቃቅ ነው፣ በትንፋሽ ይነሳል።

ባለፈው እሑድ አንድ ቱቦ ዝንብ ቤት ይዤ ሄድኩ። ምንም ያልነካቸው፣ ጤነኞቹን። አባዬ ምን እንደምሠራ በዓይናቸው ማየት ፈልገው ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ኪኒናቸውን ገና አልዋጡም። ቱቦውን ሰጠኋቸው፣ ጭናቸው ላይ ያዙት። እጃቸው ጀመረ። ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ዝንቦቹ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ። ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ።

"ምነው እነዚህ?" አሉኝ። "መርዝ ሰጠሻቸው?"

"አይ አባዬ። ደኅና ናቸው። ከፍ አድርገው ይመልከቱ።"

ወደ ብርሃኑ አነሱት። እጃቸው ሲሠራ መንቀጥቀጡ ይተዋቸዋል፣ ቆመ። ዝንቦቹ ተራ በተራ መስታወቱን ይዘው ወጡ። አባዬ ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ አላወረዱትም።